ምዕራፍ ስድስት፦ ሐኪም ሀገር ሲቀይር

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሠራዊቱ እየጎተተ ተከተላቸው። ሰባት ቶን ግድም የሚመዝን ብረት በገደልና በሸለቆ ለማሻገር መንገድ መጥረግ ግድ ነበርና ጉዞው ወራት ፈጀ። ይህን ታሪክ የማያውቅ የደብረ ታቦር ልጅ የለም። የዚያ ጉዞ ፍጻሜ የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም እንዳስገኘ የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ወርቅነህ እሸቴ ጎንደር ተወልደው በሕፃንነታቸው መቅደላ የገቡ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ በግርግሩ ከወላጆቻቸው ተለዩ፤ ቻምበርሌይን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንንም ወደ ህንድ ወሰዳቸው። ስማቸው ቻርልስ ማርቲን ሆነ፤ ቻርልስ የወሰዳቸው መኮንን ስም ነው፣ ማርቲን ደግሞ ትምህርታቸውን የረዳው የሌላ መኮንን ስም። ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው በ1882 እ.ኤ.አ. ተመረቁ። ያ ዲግሪ ግን የሚፈልጉበት አላደረሳቸውም፤ ስኮትላንድ ተሻግረው ሌላ ፈቃድ አወጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው በበርማ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በሐኪምነት የተሾሙት። ከአድዋ ድል በኋላ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲመጡ አያታቸው የለዩአቸው ሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. ጠቅልለው ገቡ፤ በጣልያን ወረራ ዋዜማም የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ለንደን ላይ ተከራከሩ።

በሐኪም ወርቅነህ ሕይወት ውስጥ ዛሬ ከደብረ ታቦር የሚነሣ ወጣት ሐኪም የሚገጥሙት ሦስት ጉዳዮች አሉ፦ በአንዱ ሀገር የተሰጠ ፈቃድ በሌላው አይሠራም፤ ወረቀት ላይ ያለው ስም ከሰውዬው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ የሄደ ሰው መመለሻም ያስፈልገዋል። ይህ ምዕራፍ ሦስቱን በቅደም ተከተል ያያል። በእኔ ግምት ብዙውን ሐኪም መንገድ ላይ የሚያስቀረው የፈተናው ክብደት አይደለም። የሚያስቀረው ሀገር ሳይመርጡ መጀመርና ወረቀትን ለመጨረሻ ሰዓት መተው ነው።

ለምን ይነሣሉ?

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ላይ፣ ከጉና ተራራ አጠገብ የተቀመጠች የደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ዞኑ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበረው። ከእስቴ፣ ከስማዳ፣ ከጋይንትና ከፋርጣ በሪፈር የሚመጣ በሽተኛ መድረሻው በአብዛኛው የደብረ ታቦር ሆስፒታል ነው። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሐኪሞችን እያሠለጠነ ያስመርቃል። ስለዚህ ከተማዋ ሐኪም ተቀባይ ብቻ ሳትሆን ሐኪም የምታወጣም ሆናለች።

ያወጣቻቸውን ይዞ ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በብዙ የሀገሪቱ ሆስፒታሎች የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ ዋናው ጥያቄያቸው ደመወዝ ነበር። በዚያ ወቅት የአንድ ጠቅላላ ሐኪም የወር ደመወዝ ተብሎ ሲነገር የነበረው 11,000 ብር ግድም ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተፈቀደ ወዲህ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ተነሥቶ ከ130 ብር አልፎ ስለነበር፣ ያ ደመወዝ በዶላር ሲሰላ መቶ እንኳ አይሞላም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ቢሻሻልም ሐኪሙ ከውጭ ሀገር ክፍያ ጋር የሚያነጻጽረው ልዩነት አሁንም ሰፊ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የአማራ ክልል ጦርነት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒትም ሪፈርም ይዘጋል። ሦስተኛው የሥራና የትምህርት ዕድል ነው። ቀድሞ የተመረቀ ሐኪም ሁሉ በመንግሥት ይመደብ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ተመርቆ ቅጥር የሚጠብቅ ሐኪም ማየት ብርቅ አይደለም። ለሬዚደንሲ የሚደረገው ሀገር አቀፍ ውድድርም ከተወዳዳሪው ቁጥር ጋር የሚመጣጠን ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረ አንድ አባባል መታረም አለበት፦ «ቺካጎ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ሀገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ» ይባላል። ማይክል ክሌመንስና ጉኒላ ፔተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የነበረውን የዘጠኝ ተቀባይ ሀገራት የቆጠራ መረጃ ሰብስበው ሲያሰሉ፣ በሁሉም ሀገራት ተደምረው የተገኙት ኢትዮጵያ የተወለዱ ሐኪሞች 553 ነበሩ፤ ሀገር ቤት የነበሩት ደግሞ 1,310። እንግዲያው ከመቶ 30 ያህሉ ውጭ ነበሩ ማለት ነው። አባባሉ የተጋነነ ነው፤ ሆኖም ለአሥር ሺህ ሰው አንድ ሐኪም ግድም ላላት ሀገር ከመቶ 30ም ቀላል አይደለም።

መጀመሪያ ሀገሩን መምረጥ

አዲስ ተመራቂ «ውጭ መሄድ እፈልጋለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ በልቡ ያለው አንድ ሀገር አይደለም። ጠዋት የአሜሪካን ጥያቄ ይሠራል፣ ማታ የእንግሊዝን ቪዲዮ ያያል፣ ጓደኛው ዱባይ ሲገባ ደግሞ ሐሳቡን ይለውጣል። ሁለት ዓመት እንዲህ ያልፋል። እያንዳንዱ ሀገር የራሱ ፈተና፣ የራሱ የቋንቋ መስፈርት፣ የራሱ የጊዜ ሰሌዳ ስላለው ለአንዱ የደከሙበት ለሌላው እምብዛም አያገለግልም።

የአሜሪካ መንገድ ረጅሙ ነው፤ ስፔሻሊስት ለመሆን ለሚፈልግ ግን ሰፊው እሱ ነው። ማንኛውም የውጭ ተመራቂ ሬዚደንሲ ሳይሠራ እዚያ ራሱን ችሎ ማከም አይችልም ማለት ይቻላል። ለሬዚደንሲ ለማመልከት «ስቴፕ ዋን» እና «ስቴፕ ቱ» የሚባሉትን የዩኤስኤምኤልኢ ፈተናዎች ማለፍ፣ የእንግሊዝኛ የሕክምና ቋንቋ ፈተና መውሰድና ኢሲኤፍኤምጂ ከተባለው ተቋም የምስክር ወረቀት ማግኘት ያስፈልጋል። ስቴፕ ዋን የስምንት ሰዓት ፈተና ነው፤ ከጥር 2014 ጀምሮ ውጤቱ «አለፈ» ወይም «አላለፈ» ብቻ ሆኗል። በዚህ ምክንያት ፕሮግራሞች አመልካቾችን የሚያወዳድሩበት ነጥብ አሁን የስቴፕ ቱ ነው። ማመልከቻው የሚገባው በመስከረም፣ የምደባው ውጤት የሚወጣው በመጋቢት፣ ሥራው የሚጀመረው ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ነው። በመጋቢት 2017 ከአሜሪካ ዜግነት ውጭ ከሆኑ የውጭ ተመራቂዎች መካከል ቦታ ያገኙት ከመቶ 58 ግድም ነበሩ። ፈተናውን ሁሉ አልፎ፣ ገንዘቡን ሁሉ ከፍሎ ሳይመደብ የሚቀር ብዙ እንዳለ ከዚህ ቁጥር መረዳት ይቻላል።

ቪዛውም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙው ሐኪም የሚገባበት ጄ-1 የተባለው ቪዛ ከሀገሩ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ይጠይቃል፤ ደብዳቤው ሀገሪቱ ያንን ስፔሻሊቲ እንደምትፈልግና ሐኪሙም ሲጨርስ ሊመለስ እንዳሰበ ይገልጻል። ሥልጠናው ሲያልቅ ሁለት ዓመት ሀገሩ ገብቶ መቀመጥ አለበት፤ ካልሆነም ሐኪም ባጣ የአሜሪካ አካባቢ ሦስት ዓመት በመሥራት ግዴታውን ያስነሣል። ኤች-1ቢ የሚባለው ሌላው ቪዛ ይህ ግዴታ የለበትም፤ በመስከረም 2018 ግን የአሜሪካ መንግሥት በአዲስ ማመልከቻዎች ላይ 100,000 ዶላር ክፍያ ጣለ። ደንብ በአንድ ሌሊት እንዲህ ሊለወጥ ስለሚችል ገንዘብ ከመክፈል በፊት የዕለቱን መመሪያ ከራሱ ከተቋሙ ማየት ግድ ነው።

የእንግሊዝ መንገድ አጠር ይላል። አይኢኤልቲኤስ አጠቃላይ 7.5፣ በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ከ7 ሳያንሱ ማለፍ፤ ወይም ለሕክምና ባለሙያ በተዘጋጀው ኦኢቲ በአራቱም ክፍሎች ቢ ማምጣት ያስፈልጋል። ከዚያ ፕላብ አንድ ይከተላል፤ 180 ጥያቄ በሦስት ሰዓት። ፕላብ ሁለት በተግባር የሚሰጥ ነው፤ ለእሱ ማንቸስተር መሄድ ግድ ስለሆነ ሐኪሙ ሥራ ሳያገኝ ገና የጉብኝት ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይጠበቅበታል። ችግሩ ከፈተናው በኋላ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፈተናውን ያለፈው ሰው ብዛት ከሥራው በልጧል፤ መንግሥቱም በሥልጠና ቦታዎች ላይ ለራሱ ተመራቂዎች ቅድሚያ እንደሚሰጥ አስታውቋል። አልፎ ሥራ ያጣ ሐኪም እዚያ ዛሬ በየከተማው አለ።

ጀርመን የሐኪም ፍላጎቷ ትልቅ ነው፤ መግቢያው ግን ቋንቋ ነው። አጠቃላይ ጀርመንኛ እስከ ቢ2 ተምሮ፣ በሐኪሞች ማኅበር ፊት ከበሽተኛ ጋር መነጋገርና ደብዳቤ መጻፍ የሚያስችል የሕክምና ጀርመንኛ እንዳለው ማሳየት ይኖርበታል። ዲግሪው ከጀርመኑ ጋር እኩል ካልተባለ የዕውቀት ፈተናም ይጨመራል። ሁሉንም ያለፈ አፕሮባሲዮን የሚባለውን ሙሉ ፈቃድ ያገኛል፤ ስፔሻሊቲ ሲማር ደግሞ እንደ ሠራተኛ እየተከፈለው ነው። ደብረ ታቦር ሆኖ ያለ መምህር ጀርመንኛ መማር ለሚችል ታጋሽ ሰው ይህ የተናቀ ነገር ግን አዋጪ መንገድ ነው።

የባሕረ ሰላጤው ሀገራት ሌላ ዓይነት ናቸው። ሳውዲ፣ ኤምሬትስና ኳታር እንደ ፕሮሜትሪክ ባሉ የፈተና ማዕከላት የሚሰጥ አንድ ፈተና ይጠይቃሉ፤ ሰነዱን ደግሞ ዳታፍሎው የተባለ ድርጅት ከምንጩ ያጣራል። የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ፤ ለጠቅላላ ሐኪም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓመት ያላነሰ። ገንዘቡ ፈጥኖ ይገኛል፤ ስፔሻሊቲ የመማር ዕድሉ ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ ገልፍ ቤተሰብ ለመደገፍና ለቀጣዩ መንገድ ስንቅ ለመያዝ ጥሩ ነው፤ ስፔሻሊስት ለመሆን ግን አያደርስም።

ሀገር ሲመርጡ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የምፈልገው ስፔሻሊቲ ነው ወይስ ገቢ? ስንት ዓመት መጠበቅ እችላለሁ? ቤተሰቤን መቼ ነው ማምጣት የምፈልገው? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ከአራቱ መንገዶች ሦስቱን በአንድ ማታ ይጥላል።

ስምና ቀን

ሐኪም ወርቅነህን በስማቸው የሚለያቸው ጠፍቶ ጠባሳቸው ለያቸው። ዛሬ በጠባሳ የሚለይ የለም፤ ስም ከስም፣ ቀን ከቀን መግጠም አለበት። የእኛ አጠራርና የፈረንጁ ቅጽ ደግሞ አይገጥሙም።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጽፋለን። የውጭው ቅጽ የሚጠይቀው ግን «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ነው። አንዱ ቦታ የአባት ስም፣ ሌላው ቦታ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ከተጻፈ አንድ ሐኪም ሁለት ሰው ይሆናል። በላቲን ፊደል አጻጻፉም ሌላ ጣጣ ነው፤ ወርቅነህ የሚለው ስም ብቻ ቢያንስ በሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ገብረ ብሎ የሚጀምር ስም አንዴ ተያይዞ አንዴ ተለያይቶ ይመጣል። የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ትራንስክሪፕት፣ ዲግሪ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የልደት የምስክር ወረቀትና ፓስፖርት በተለያየ እጅ ስለሚሞሉ ልዩነት መኖሩ አይቀርም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ቀድሞ መደረግ አለበት። ፓስፖርቱን መነሻ አድርጎ ሌላውን ሁሉ ከእሱ ጋር ማስተካከል፤ ሊስተካከል ያልቻለውን በፍርድ ቤት ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል «ሁለቱም ስሞች የእኔ ናቸው» የሚል ማስረጃ ማውጣት። የፈተና ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ይህ ካልተደረገ፣ በኋላ የሚታረመው በክፍያና በወራት ጥበቃ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሐኪም ዲግሪው ላይ የእኛ ዓመት ብቻ ካለ፣ ውጭ ያለው መርማሪ በ2012 እ.ኤ.አ. እንደተመረቀ ያነበዋል፤ ሐኪሙም በወረቀት ላይ ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላል። የአሜሪካ ፕሮግራሞች ከተመረቀ ብዙ ዓመት ያለፈውን ሰው ስለሚያርቁ ይህ ስሕተት ዕድል ይዘጋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደብዳቤ የትኛውን አቆጣጠር እንደሚጠቀም በግልጽ እንዲጽፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። የልደት ቀንም ቢሆን በጳጉሜን ወይም በመስከረም መጀመሪያ ለተወለደ ሰው ሲቀየር ዓመቱ ሊዛባ ይችላል።

ከሬጅስትራር እስከ ፌዴራል ፖሊስ

ስሙ ከተስተካከለ በኋላ የሰነዱ ጉዞ ይጀምራል። መጀመሪያ ኦርጂናል ዲግሪ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ከአገልግሎት ግዴታና ከወጪ መጋራት ጋር የተያያዘ ነው፤ ተመራቂው የተመደበበትን ጊዜ ሳይጨርስ ወይም ዕዳውን ሳይከፍል ብዙውን ጊዜ ዲግሪው እጁ አይገባም። «ዘመድ አለኝ፣ አወጣዋለሁ» የሚለው ተስፋ ወራት ይበላል። ግዴታን በጊዜ መፈጸም ወይም ወጪውን ከፍሎ መጨረስ ይሻላል።

ኢንተርንሺፕ የሠሩበት ሆስፒታል የሚሰጠው ደብዳቤ በአንድ መስመር «ኢንተርንሺፕ አጠናቅቋል» ብሎ እንዲያልፍ አትፍቀዱ። በእኛ ሀገር ኢንተርንሺፕ ከምረቃ በፊት በመጨረሻው ዓመት የሚሠራ ስለሆነ የውጭ ተቋማት ዝርዝሩን ይጠይቃሉ፤ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማህፀንና ጽንስ ስንት ሳምንት እንደሠሩ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ይጻፍ። የሙያ ፈቃዱ ከክልሉ ጤና ቢሮ ከሆነ ባሕር ዳር፣ ከሚኒስቴሩ ከሆነ አዲስ አበባ የመልካም ሥነ ምግባር ማረጋገጫ ይወጣል፤ ይህ ወረቀት ቶሎ ጊዜው ስለሚያልፍበት አስቀድሞ ሳይሆን በሚፈለግበት ሰዓት መውጣት አለበት። ከፌዴራል ፖሊስ የወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ ከውጭ ጉዳይ ማኅተም፣ ለእንግሊዝ ረጅም ቪዛ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይጨመራል። የቢጫ ወባና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካርድ የሌለው ሐኪም ብዙ ነው፤ እሱም ጊዜ ይፈልጋል።

ትልቁ መዘግየት ግን ከእነዚህ አይመጣም። ኢሲኤፍኤምጂም ዳታፍሎውም ሰነዱን ከሐኪሙ እጅ ተቀብለው አያምኑም፤ ለዩኒቨርሲቲውና ለሆስፒታሉ በቀጥታ ይጽፋሉ። መልስ የሚሰጠው የሬጅስትራር ሠራተኛ ኢሜይሉን ካላየው ማመልከቻው ይቆማል። ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ይህ የብዙ ሰው ዕጣ ሆኗል። ስለዚህ ሐኪሙ ጥያቄው ሲላክ ቀኑን አውቆ፣ ቢሮ ድረስ ሄዶ፣ መላኩን አይቶ መመለስ አለበት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ በቸኮለ ቅጽ ላይ የገባች አንዲት የተሳሳተች ፊደል መንገዱን ከመነሻው ታስጀምራለች።

ዲዩቲ እያሉ ማጥናት

ሥራ ለቆ ማጥናት ብዙዎች የሚያስቡት ነገር ነው፤ አልመክርም። በተመረቁና ባመለከቱበት ጊዜ መካከል ያለ ባዶ ዓመት በየሀገሩ ጥያቄ ያስነሣል፤ ልምድ በሚጠይቁት የገልፍ ሀገራት ዘንድ ደግሞ የሥራ ልምድ ሆኖ አይቆጠርም። በሌላም ምክንያት ዋርድ ውስጥ ያለ ሰው ያነበበውን በዚያው ቀን በሽተኛ ላይ ያየዋል።

ሆኖም ሌሊት ዲዩቲ አድሮ፣ መብራት ሲጠፋ ስልኩን ቻርጅ እየቆጠበ የሚያጠና ሐኪም እቅዱን ከሁኔታው ጋር ማስማማት አለበት። የጥያቄ ባንኮች በኢንተርኔት የሚሠሩ ናቸው፤ ደንበኝነታቸውም በቀን የሚቆጠር ነው። የጥናቱን የመጀመሪያ ወራት ከመስመር ውጭ በሚነበብ መጽሐፍ ማሳለፍ፣ የጥያቄ ባንኩን ደግሞ ፈረቃ በሚቀልበትና ግንኙነቱ አስተማማኝ በሆነበት ጊዜ መግዛት ይሻላል። ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት ፈቃድ ወስዶ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መቀመጥ የሚችል ሰው ቢያደርገው ጥሩ ነው። የፈተና ቀን ሲይዙም የመንገዱን ነገር ማሰብ ግድ ነው፤ ከደብረ ታቦር በወረታ በኩል ባሕር ዳር መድረስ በሰላም ጊዜ የሁለት ሰዓት ጉዳይ ነው፣ መንገድ በተዘጋበት ቀን ግን ማንም ዋስትና የለውም። ጥቂት ቀን ቀድሞ መድረስ ከፈተናው ክፍያ ይረክሳል።

ክፍያው በራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። አንድ ስቴፕ ብቻ ከአሜሪካ ውጭ ለሚፈተን ሰው ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ከላይ በጠቀስነው ደመወዝ ሲሰላ የአንድ ሐኪም የአንድ ዓመት ሙሉ ደሞዝ ይሆናል፤ ያለ ምግብ፣ ያለ ቤት ኪራይ። የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሬ ስለሆነ ብዙው ሐኪም ባሕር ማዶ ያለ እህት ወይም አጎት ካርድ ይለምናል። ለዚህ ነው በየሆስፒታሉ የሥራ ባልደረቦች እቁብ የሚገቡት፤ ዕጣ የደረሰው ለፈተናው ያደርገዋል። ገንዘቡ በብድር የመጣ ከሆነ፣ የሚመለስበት ቀን ከመጀመሪያው ደሞዝ ሳይሆን ከዚያ ብዙ ወር በኋላ እንዲሆን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ አዲስ ሀገር ላይ የመጀመሪያዎቹ ወራት ወጪ ከገቢ ይበልጣል።

ለደላላ የሚከፈል ገንዘብ ግን አያስፈልግም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ በእጅጉ የሚያንሳቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 55 ሀገራት አንዷ ናት። እንግሊዝም በዚህ ምክንያት ኤጀንሲዎች ወደ እኛ ሀገር መጥተው ሐኪም እንዳይመለምሉ ከልክላለች። ሐኪሙ በራሱ ማመልከት ግን ሙሉ መብቱ ነው። «ብትከፍለኝ ሥራ አስገባሃለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው የሌለውን ነገር ነው፤ ፈተናውም ምዝገባውም ማመልከቻውም ሐኪሙ በእጁ የሚሞላው ነው።

ከሆስፒታል አወጣጥ

ብዙ ሐኪም ሥራውን የሚለቀው ሳይናገር ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ይጠፋል። ይህ ለራሱም መጥፎ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የውጭ ቀጣሪ «ይህ ሰው አብሯችሁ ሠርቷል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ያው የሰው ኃይል ክፍል ነው፤ መዝገቡ ላይ «ከሥራ የጠፋ» የሚል ከተጻፈ የሚመጣው መልስም ያው ነው። የመልቀቂያ ማስታወቂያ በጊዜው ማስገባት፣ ክሊራንስ መውሰድ፣ የልምድ ደብዳቤን ቀን ከቀን አስጽፎ ማስቀመጥ፣ ከሚያውቁት ስፔሻሊስት የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ ሳይሄዱ በፊት ነው የሚሆነው።

በሽተኞችም አሉ። ስኳርና የደም ግፊት የሚከታተሉት፣ በየወሩ የሚመጡ እናቶች ሐኪሙ ሲጠፋ ማን ዘንድ እንደሚሄዱ አያውቁም። ለሚተካው ጓደኛ ካርዳቸውን አስረክቦ፣ «ከእንግዲህ እሱ ነው የሚያይሽ» ብሎ መሰናበት ከሙያው ግዴታ ነው።

ቤት ያለው ስንብት ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። እናት «ልጄ፣ መቼ ትመለሳለህ?» ስትል «ቶሎ» ማለት ቀላል ነው። ጄ-1 ይዞ የሄደ ሬዚደንት ግን ሥልጠናው ሳያልቅ ለመምጣት ቪዛ የማደስ አደጋ አለበት፤ ፕላብ አልፎ ሥራ የሚፈልግ ሰውም ትኬት አይኖረውም። ያገባ ሐኪም ቤተሰቡን መቼ መውሰድ እንደሚችል ከቪዛው ዓይነት አንብቦ፣ እውነተኛውን ዓመት ለባለቤቱ መንገር አለበት። ስንት ብር በየወሩ እንደሚላክና ለማን እንደሚላክም ሳይሄዱ ቢነገር ከኋላ የሚመጣውን ቅያሜ ያስቀራል።

ይዘው የሚሄዱት ዕውቀት

ከደቡብ ጎንደር የሚወጣ ሐኪም ባዶ እጁን አይሄድም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ሰዎች እየከሱ፣ ሆዳቸው እያበጠ ሲሞቱ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ሲጣራ ካላዛር ሆነ፤ በሽታው በቆላ እንጂ በዚያ ከፍታ ይነሣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዞኑ በትራኮማ በእጅጉ ከተጠቁ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሆኖም ኖሯል። እዚህ የሠራ ሐኪም ላቦራቶሪ ሳይኖር መርምሮ መወሰን፣ አልትራሳውንድ በሌለበት ጤና ጣቢያ እናትን ሪፈር መጻፍ፣ አንድ ኦክስጅን ለሁለት ልጅ ማዳረስ ያውቃል። በቃለ መጠይቅ ላይ «ከሌሎች የሚለይህ ምንድን ነው?» ሲባል ብዙው ሐኪም «ጠንካራ ሠራተኛ ነኝ» ይላል። በሊቦ ከምከም ወይም በእስቴ ያየውን አንድ እውነተኛ ታሪክ የበሽተኛውን ማንነት ሳይገልጽ ቢናገር ይበልጥ ይታመናል።

ይህ ዕውቀት በተቃራኒውም ይጓዛል። ውጭ ተምሮ የመጣ፣ ወይም ሳይመጣም ለደብረ ታቦር ተማሪዎች በኢንተርኔት የሚያስተምር፣ ለሆስፒታሉ መሣሪያ የሚልክ ሐኪም ለዞኑ ብዙ ይጠቅማል። ሐኪም ወርቅነህ ሀገራቸው ሲገቡ ሕክምና ብቻ አላመጡም፤ ትምህርት ቤት አስተዳድረዋል፣ ግዛት ገዝተዋል፣ በዲፕሎማሲ አገልግለዋል። ለሁሉም ያበቃቸው ሌላ ሀገር ያገኙት ፈቃድና ልምድ ነው።

ወጣት ሐኪሞች ሆይ፣ መሄድ መብታችሁ ነው፤ ማንም በዚህ ሊወቅሳችሁ አይገባም። አንድ ሀገር ምረጡ፤ ስማችሁንና ቀናችሁን ከፓስፖርታችሁ ጋር አስተካክሉ፤ ግዴታችሁን ጨርሱ፤ ክሊራንሳችሁን ይዛችሁ ውጡ። የዩኒቨርሲቲና የሆስፒታል ኃላፊዎችም ከውጭ የሚመጣን የማረጋገጫ ጥያቄ በጊዜው መልሱ፤ በክብር የተሸኘ ሐኪም ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ተደብቆ ከወጣው የሰፋ ነው።